የድሬና የሐረር ልጆች መጀመሪያ በዓይናቸው ያዩት ሬስሊንግ

(ድሬዳዋ ላይ የቀረበ ንግግር ጽሑፍ)

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ሙቀት ከቤት ወጥታችሁ ስለ ሬስሊንግ ልትሰሙ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። የምጠራቸው ቀኖች ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ድሬና ሐረር ያደጉ፣ ኋላ በሥራም በስደትም ከአገር የወጡ፣ በዚያውም ሬስሊንግን አዳራሽ ወይም ስታዲየም ገብተው ያዩ ሰዎችን ሳገኝ የምጠይቀው አንድ ነገር አለ። የመጀመሪያው ቀን ምን ትዝ ይላችኋል? እላቸዋለሁ። አንዳንዶቹን በስልክ አውርቻቸዋለሁ። አንዳንዶቹ ለዓረፋ ወይም ለቁልቢ ሲመጡ ከዚራ ዛፍ ስር ቁጭ ብለን አውግተውኛል።

ማን ማንን እንደጣለ በመናገር የጀመረልኝ የለም። ውጤቱን ጭራሽ የረሱ አሉ፤ “ቆይ፣ በስተመጨረሻ ማን ነበር ያሸነፈው?” ብለው መልሰው እኔን የጠየቁኝ አሉ። ያልረሱት አጠገባቸው የተቀመጠውን ሰው ነው። የጩኸቱን አነሳስ፣ ሳቁ ከየት በኩል እንደመጣ፣ ራሳቸው ምን ብለው እንደጮኹ ቃል በቃል ያስታውሳሉ።

ይሄን ደጋግሜ ስሰማ አንድ ነገር ገባኝ፤ ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁትም እሱን ነው። የሬስሊንግን ግማሽ የሚሠራው ሪንጉ ውስጥ፣ በገመድ በታጠረው መድረክ ላይ ያለው ሰው ነው፤ ሌላውን ግማሽ የሚሠራው ተመልካቹ ነው። የዚህ ከተማ ልጆች ደግሞ የተመልካቹን ሥራ ሪንግ በዓይናቸው ከማየታቸው ከብዙ ዓመት በፊት ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። የተማሩት ቪዲዮ ቤት ነው።

ድሬ የባቡር ከተማ ናት። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ነው ከተማዋ የተቆረቆረችው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ከጅቡቲ በባቡር የሚገባ ዕቃ መሀል አገር ሳይደርስ መጀመሪያ የሚታየው እዚህ ነበር። ቴሌቪዥኑም፣ ዴኩም፣ ካሴቱም የመጡት በዚያው መንገድ ነው፤ አንዳንዱ ቀረጥ ተከፍሎበት፣ አንዳንዱ በኮንትሮባንድ። የሬስሊንግ ካሴት እዚህ ከተማ የደረሰው የካሴት ግልባጭ፣ የግልባጭም ግልባጭ ሆኖ ነበር። ምስሉ ላይ መስመር ይሄድበታል፣ ቀለሙ ይፈሳል፣ የሰውዬው ፊት አንዳንዴ አረንጓዴ ይሆናል። ማንም ግድ አልነበረውም።

ቪዲዮ ቤትን ላላያችሁት ልጆች ልንገራችሁ። መስኮቱ በጨርቅ የተጋረደ አንድ ክፍል፣ ፊት ለፊት ከፍ ብሎ የተቀመጠ ቴሌቪዥን፣ የእንጨት አግዳሚ፣ አግዳሚ ያልደረሰው መሬት ላይ። መግቢያው ስሙኒ ነበር፤ ኋላ ሽልንግ ሆነ፤ ኋላም ብር ገባ። ከውጭ ፀሐይዋ፣ ከውስጥ የታጨቀው ልጅ ትንፋሽ፤ ሙቀቱን ራሳችሁ ገምቱት። በሩ ላይ የቆመው ልጅ ሳንቲም ይቀበላል። ቴሌቪዥኑ አጠገብ የሚቆመው ደግሞ ሌላ ሥራ ነበረው። ያስተረጉማል።

ስለዚህ ልጅ ትንሽ ልቆይ፤ ይገባዋል። እንግሊዝኛ በደንብ የሚችል አልነበረም። አንዳንዶቹ ካሴቶች ጭራሽ በፈረንሳይኛ የሚተነተኑ ስለነበሩ ፈረንሳይኛ የሚያውቅ የምድር ባቡር ሠራተኛ ከተገኘ ሰውየውን አጠገብ አስቀምጦ ይጠይቃል። ካልተገኘ ከራሱ ይፈጥራል። አማርኛውን፣ ኦሮምኛውን፣ ሶማሊኛውን እያፈራረቀ፣ ማን አክተር ማን ወንበዴ እንደሆነ፣ ወንበዴው ባለፈው ሳምንት በአክተሩ ላይ ምን እንደሠራ፣ ዛሬ ለምን እንደተናደደ ይናገራል። ታሪኩ ካሴቱ ላይ ከነበረው ጋር ላይገናኝ ይችላል። ተመልካቹ ግን ታሪክ አለው፤ የሚደግፈውና የሚጠላው ሰው አለው። ከዚያ በኋላ ጩኸቱን ለማንም ማስተማር አያስፈልግም።

ሽማግሌዎቹ የቪዲዮ ቤት ታዳሚዎች ሁሉ አንድ ካሴት ያነሱልኛል። መጋቢት 20 ቀን 1979 ዓ.ም. አሜሪካ፣ ፖንቲያክ በምትባል ከተማ በተደረገው ሦስተኛው ሬስልማኒያ፣ በዓመት አንዴ በሚደረገው ትልቁ የሬስሊንግ ዝግጅት ላይ፣ ሃልክ ሆጋን ግዙፉን አንድሬን ሁለት እጁ ላይ አንስቶ ያፈረጠበትን። ያን ቀን 93,173 ሰው ገብቷል ተብሎ ተነገረ፤ ቁጥሩ ላይ እስከ ዛሬ ክርክር አለ። እኔ የምፈልገው ግን አንድ የቪዲዮ ቤት ባለቤት የነገሩኝን ነው። ካሴቱ የተበላሸው እዚያች ቦታ ላይ ነበር። ልጆቹ “መልሰው! መልሰው!” እያሉ ስንት ጊዜ እንደተመለሰ እንጃ፤ ቴፑ አንድሬ ከመሬት በሚነሳባት ቦታ ላይ ተበልቶ ምስሉ መዝለል ጀመረ። አንድሬ ሆጋን ፊት ቆሞ ይታያል፣ ስክሪኑ ይንጫጫል፣ ሲመለስ አንድሬ ተዘርሯል። መሀል ያለውን ቤቱ በሙሉ በአንድ ድምፅ ይሞላዋል። ባለቤቱ ሌላ ካሴት ማስመጣት ይችሉ ነበር። “ምን ያደርጋል? ሁሉም ያውቀው የለ እንዴ!” አሉኝ።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ። በሬስሊንግ ውስጥ ዳኛው ሁልጊዜ የማያየው ነገር አለ። የወንበዴው ጓደኛ ዳኛውን ያናግረዋል፣ ዳኛው ፊቱን ያዞራል፣ ወንበዴው በዚያች ቅጽበት ወንበር ያነሳል ወይም ዓይን ላይ ጣት ይከታል። ዳኛው ሲመለስ ሁሉም ነገር ሰላም ነው። ይሄን ሁሉ ያየው ተመልካቹ ብቻ ነው። ጨዋታው ሆነ ተብሎ እንዲህ ተሠርቷል። ተመልካቹ ምስክር ነው፤ ምስክር ደግሞ ዝም ብሎ ሊቀመጥ አይችልም፤ “ከኋላህ! ከኋላህ!” ማለት አለበት። አሸዋ ሰፈር አንድ ቤት ውስጥ ያሉ ልጆች ከዓመታት በፊት በሌላ አህጉር ለተደረገ ግጥሚያ “ከኋላህ ነው አቦ! ዙር!” እያሉ ድምፃቸው እስኪዘጋ የጮኹት ለዚህ ነው። የሚሰማቸው አልነበረም። ሥራቸውን ግን ሠርተዋል።

እንግዲህ እነዚህ ልጆች አደጉ። ሄዱ። አንዳንዶቹ ሪንጉ ካለበት ቦታ ደረሱ።

ገንደ ቆሬ ያደገ አንድ ሰው ጅዳ ሹፌር ነበር። ሚያዝያ 19 ቀን 2010 ዓ.ም. በጅዳ የንጉሥ አብደላ ስፖርት ከተማ ስታዲየም ሃምሳ ተፋላሚዎች ተራ በተራ ወደ ሪንግ የሚገቡበት ትልቅ ዝግጅት ተደረገ። ጆን ሲና ነበር፣ ትሪፕል ኤች ነበር፣ አንደርቴከርም ነበር። ይሄ ሰው ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ገባ። መጀመሪያ የተሰማው ነገር ድንጋጤ ነው። “ድምፁ የታለ?” አለኝ። ስታዲየሙ ሙሉ ነው፣ ሙዚቃው ይንቀጠቀጣል፣ ተፋላሚው ይገባል፤ ግጥሚያው ሲጀመር ግን የሚያወራ ሰው የለም። ኮሜንታተሮቹ የሚናገሩት ቴሌቪዥን ለሚያየው ሰው ነው፤ ስታዲየም ውስጥ ያለ ሰው አይሰማቸውም። ዕድሜውን ሙሉ በሰው ንግግር ታጅቦ ያየው ነገር ድንገት ባዶውን ሆነበት። መሣሪያው የተበላሸ መስሎት ባልደረባውን ጠየቀ። ከዚያ ሳያስበው ራሱ ማውራት ጀመረ። በአማርኛ። አጠገቡ ላሉት ሁለት የድሬ ልጆች ማን እንደገባ፣ ከማን ጋር ጠብ እንዳለው፣ አሁን ምን ሊያደርግ እንደሆነ እየተነተነ አመሸ። ያ ቴሌቪዥን አጠገብ የሚቆመው ልጅ ትዝ ይላችኋል? በዕለቱ እሱን ሆነ።

ከዚያ ምሽት የሚያስታውሰው ደግሞ የአንድ ሰው መውደቅ ነው። ታይተስ ኦኒል የሚባል ግዙፍ ሰው ተራው ደርሶ ወደ ሪንግ ሲሮጥ እግሩ ተጠላለፈ፤ በደረቱ ተንሸራቶ ሪንጉን የሚሸፍነው ጨርቅ ስር ገባና ጠፋ። በቴሌቪዥን ያየ ሰው ወዲያው ከቅርብ አየው፤ ደጋግመውም አሳዩት። የእኛ ሰው ግን ሩቅ ነው የተቀመጠው፤ ምን እንደተፈጠረ አላየም። “ሳቁ ከዚያኛው በኩል ተነሳ፣ እየዞረ ወደ እኛ መጣ፣ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ስቄ ነበር” አለኝ። ከፊቱ የነበረ ሱዳናዊ ዞሮ ትከሻውን ያዘው፣ እሱም ሱዳናዊውን ያዘ፣ ሁለቱም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ዕለቱን ያሸነፈው ብራውን ስትሮማን ነበር። ይሄን ለእሱ የነገርኩት እኔ ነኝ።

በዚያ በጅዳው ዝግጅት ሴት ተፋላሚ አልነበረችም። ሪያድ ውስጥ የመጀመሪያው የሴቶች ግጥሚያ የተደረገው ጥቅምት 20 ቀን 2012 ዓ.ም. በንጉሥ ፋህድ ስታዲየም ነው፤ ናታሊያና ሌሲ ኢቫንስ፣ እጅና እግራቸውን በሙሉ የሚሸፍን ልብስ ለብሰው። ከሐረር ጁገል የሄደች፣ ሰው ቤት ትሠራ የነበረች ልጅ ያን ቀን ስታዲየሙ ውስጥ ነበረች። አሠሪዎቿ ሁለት ትንንሽ ልጆቻቸውን እንድትይዝ ነው ይዘዋት የሄዱት። ጨዋታውን እንደምታውቅ ማንም አልጠየቃትም። እሷ ግን ፈረስ መጋላ አካባቢ በነበረው ቤታቸው ከወንድሞቿ ጋር የሳተላይት ቴሌቪዥን እያየች ያደገች ናት፤ የናታሊያን እግር አጠላልፎ የሚይዝ አያያዝ፣ ሻርፕሹተር የሚሉትን፣ ታናሽ ወንድሟ ላይ ስትሞክር ተይዛ ተገርፋለች።

ግጥሚያው እንደተጀመረ ልጆቹን በሁለት እጇ እንደያዘች ቆመች። ትልቁ ልጅ አሁን ምን ይሆናል? እያለ ይጠይቃታል። ትነግረዋለች። የተናገረችው ይሆናል። ሌላ ትነግረዋለች፤ እሱም ይሆናል። ልጁ ለእናቱ ዞሮ “ታውቃለች!” አለ። ናታሊያ በዚያው በሻርፕሹተር አሸነፈች፤ ሁለቱ ሴቶች ተቃቀፉ፤ ያለቅሱ ነበር። ከዚያ ሁሉ ነገር ለእኔ አስቀድማ የነገረችኝ ግን ያን የልጁን አንድ ቃል ነው። እዚያ ቤት በኖረችበት ዘመን ሁሉ አንድ ነገር እንደምታውቅ የተነገረላት ያኔ ብቻ ነው ብላኛለች። ይሄን ስትነግረኝ ድምፅዋ እንዴት እንደነበር እዚህ መድረክ ላይ ላሳያችሁ አልችልም።

ስለ ቅርበት ልናገር፤ ሩቅ የተቀመጠና ቅርብ የተቀመጠ ሰው ትዝታ አይገናኝምና።

ሐረር ተወልዶ ሚኒሶታ የሚኖር አንድ ሰው የመጀመሪያውን ያየው ትልቅ ስታዲየም ውስጥ አይደለም። ስማቸው በቴሌቪዥን የማይታወቅ ተፋላሚዎች አንድ የትምህርት ቤት ጂም ውስጥ ሪንግ ተክለው ነበር። ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። ፊት ለፊት ተቀመጠ። አንደኛው ሌላኛውን በክፍት መዳፍ ደረቱን ሲመታው ድምፁ አዳራሹን ሰነጠቀው፤ ሰውዬው ሲዞር አምስቱ ጣት ደረቱ ላይ ቀይ ሆኖ ታትሟል። “እዚያው ጋ የልጅነት ክርክሬ አለቀ” አለኝ።

ክርክሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ውሸት ነው፣ እውነት ነው። በዚህ ነገር እዚህ ከተማ ወንድማማቾች ተጣልተዋል። መልሱ ከተነገረ ግን ቆይቷል። በ1981 ዓ.ም. የነሃልክ ሆጋን ድርጅት ራሱ፣ ዛሬ ደብሊው ደብሊው ኢ የሚባለው፣ በኒው ጀርሲ ግዛት ሕግ አውጪዎች ፊት ሬስሊንግ መዝናኛ ነው፣ የስፖርት ውድድር አይደለም ብሎ አስረድቷል፤ በስፖርት ኮሚሽን መተዳደሩና የሚከፍለው ቀረጥ እንዲቀርለት ብሎ። አሸናፊው አስቀድሞ ይታወቃል። መሬቱ ግን መሬት ነው። ሪንግ ማለት እያንዳንዱ ጎኑ ስድስት ሜትር ገደማ የሆነ፣ በብረት አግዳሚ ላይ ጣውላ የተደረደረበት፣ ከላዩ ስስ ስፖንጅና ሸራ የተወጠረበት መድረክ ነው። ከዚያ በላይ ምንም የለውም። ሰኔ 21 ቀን 1990 ዓ.ም. ፒትስበርግ ላይ ማንካይንድ የሚባለው ተፋላሚ ሪንጉን ከከበበው የብረት አጥር አናት ሲወረወር ውጤቱ ቀድሞ ተወስኖ ነበር፤ ከፍታው ግን አምስት ሜትር ገደማ ነበር።

ስለዚህ ውሸት ነው የሚለኝን ሰው አልከራከረውም። ቴያትር ቤት ገብቶ የሚያለቅስ ሰው ተዋናዩ እንዳልሞተ ያውቃል። ልዩነቱ የሬስሊንጉ ተዋናይ እውነትም ጣውላ ላይ መውደቁ ነው፤ ከዚያም በላይ፣ ተመልካቹን እየሰማ ሥራውን በየደቂቃው መለወጡ ነው።

የሐረሩን ሰው ታሪክ ልጨርስ። ወንበዴው ከዳኛው ጀርባ ገመድ አንስቶ የሌላውን አንገት አነቀ። የእኛ ሰው ሳያስበው ከወንበሩ ተነስቶ በአማርኛ “ነውር ነው! ነውር ነው!” ብሎ ጮኸ። ወንበዴው ገመዱን ለቀቀ። ዞረ። ሪንጉ ጫፍ ድረስ መጥቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ዓይን ለዓይን እያየው ጮኸበት። አዳራሹ በሙሉ የእኛን ሰው ደግፎ ወንበዴው ላይ ጮኸ። በዚያች ጊዜ ውስጥ የተደበደበው ተፋላሚ ተነሳና ወንበዴውን ከኋላ ያዘው።

“ሐረር እያለሁ ስንት ዓመት ለቴሌቪዥን ጮኬ ነበር። ወላሂ፣ መልስ ያገኘሁት ያን ቀን ነው።” እንዲህ ነው ያለኝ።

ግጥሚያው ሲያልቅ ያ ወንበዴ በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ ፎቶው የታተመበት ካናቴራ ይሸጥ ነበር። እጁን ጨብጦት፣ ስለ ጩኸቱ አመስግኖት፣ ያቺ ቃል ምን ማለት እንደሆነች ጠየቀው። ትንንሾቹ ዝግጅቶች እንዲህ ናቸው። በግሌ ከየትኛውም ስታዲየም ይልቅ ይሄኛውን ብገኝበት እመርጥ ነበር።

ያዘኑም አሉ። አንዱ ብዙ ወር አጠራቅሞ ቲኬት ገዝቶ እጅግ ከፍ ያለ ቦታ ደረሰው፤ ሰዎቹ ጣት አከሉበት፤ ምሽቱን ያሳለፈው ትልቁን ስክሪን በማየት ነው። “ይሄንንማ እዚሁ ሳቢያን ሰፈር ሆኜም አየዋለሁ” አለኝ። ልክ ነው።

ከሁሉም በላይ ደጋግሜ ያስወራሁት ግን መጋቢት 29 ቀን 2011 ዓ.ም. ኒው ጀርሲ የነበረውን የድሬ ልጅ ነው። በዚያ ሬስልማኒያ ጋና የተወለደው ኮፊ ኪንግስተን ዳንኤል ብራያንን አሸንፎ የደብሊው ደብሊው ኢን ዋና የሻምፒዮን ቀበቶ ወሰደ፤ በአፍሪካ ተወልዶ ያንን ቀበቶ የያዘ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ኮፊ በ2000 ዓ.ም. ገደማ በቴሌቪዥን ብቅ ሲል ከጃማይካ የመጣ ተብሎ ነበር የሚተዋወቀው። ጋናዊነቱ በግልጽ የተነገረው ኋላ ነው። ከዚያም አሥራ አንድ ዓመት ያንን ቀበቶ ሳይነካ ቆየ። በዚያ ምሽት የሆነውን ልብ በሉ፤ ለዚህ ግጥሚያ ያደረሰውም ብዙ የሕዝብ ጩኸት ነው። ከየካቲት ጀምሮ ተመልካቹ በየከተማው ስሙን እየጠራ አላስቆም ብሎ ነበር።

የድሬው ልጅ አጠገብ አንድ ጋናዊ አባት ከትንሽ ልጁ ጋር ተቀምጧል። ሳይተዋወቁ ነው ያመሹት። ዳኛው መሬቱን ሦስተኛ ጊዜ መትቶ ኮፊ ሲያሸንፍ ሰውዬው ልጁን ትከሻው ላይ አወጣ፤ ከዚያ ወደ እኛው ልጅ ዞሮ “አንተ ከየት ነህ?” አለው። “ከኢትዮጵያ” ሲለው አቀፈው። ሪንጉ ውስጥ ጓደኞቹ ቢግ ኢ እና ዛቪየር ዉድስ ቀበቶውን ሲሰጡት፣ ሁለቱ ወንዶች ልጆቹ ሲገቡ፣ የድሬው ልጅ አላየም። ትከሻ ላይ ያለው ልጅ እንዳይወድቅ እግሩን ይዞለት ነበር። ግጥሚያውን ሙሉውን ያየው ቤቱ ገብቶ በስልኩ ነው።

ተመልካች ግማሹ ነው ያልኩትን ለሚጠራጠር ሰው ማስረጃ አለኝ። ኮሮና ሲመጣ፣ መጋቢት 26 እና 27 ቀን 2012 ዓ.ም. ሬስልማኒያ ያለ አንድ ተመልካች ተላለፈ። ባዶ ማሠልጠኛ ውስጥ። ተፋላሚዎቹ ያው ናቸው፣ ሪንጉ ያው ነው፣ ቀበቶው ያው ነው። የሚሰማው ግን ትንፋሽና የጫማ ኮቴ ነበር። ወንበዴው ወንበር ሲያነሳ “ከኋላህ!” የሚል አልነበረም፤ አክተሩም የሚያስነሳው ጩኸት አጥቶ ዝም ብሎ ተነሳ። በኋላ ድርጅቱ ቤታቸው የተቀመጡ ሰዎችን ፊት በትልልቅ ስክሪን ዙሪያውን ደርድሮ ሞከረ። አልሞላም። በሚያዝያ 2013 ታምፓ ላይ እውነተኛ ሰው ሲመለስ ተፋላሚዎቹ ገና ሳይጀመር በር ላይ ቆመው ሕዝቡን ሲያዩ ታይተዋል።

ሌላም አለ። መጋቢት 28 ቀን 2006 ዓ.ም. ኒው ኦርሊንስ ላይ ሃያ አንድ ጊዜ በሬስልማኒያ ያልተሸነፈው አንደርቴከር በብሮክ ሌስናር ተሸነፈ። ዳኛው ሦስት ሲቆጥር ሕዝቡ ፈዘዘ። ሙዚቃው እንኳ ወዲያው አልተከፈተም። ካሜራው ሪንጉን ትቶ ሕዝቡ ላይ ዞረ። ከዚያ ምሽት ዓለምን ያዳረሰው ምስል አፉን ከፍቶ፣ ዓይኑን አፍጥጦ የቀረ የአንድ ተመልካች ፊት ነው።

ወጣቶቹን አንድ ነገር አደራ ልበላችሁ። የደቻቱ ወንዝ ሲደርቅ አሸዋው ሪንጋችን ነበር፤ ዛሬም የሚሞክሩ ልጆች አያለሁ። ያ አሸዋ ላይ ክንዱን የሰበረ፣ አንገቱ ለወራት የታሰረ ልጅ አውቃለሁ። ተፋላሚ ከምንም ነገር በፊት የሚማረው መውደቅን ነው፤ አገጩን ደረቱ ላይ ሰብስቦ፣ በጀርባው ሰፊ ክፍል አርፎ፣ በሁለት ክንዱ መሬቱን እየመታ፣ ትንፋሹን ለቆ። እሱን ብቻ ለወራት ይለማመዳል። ይሄን ሁሉ ተምረው እንኳ፣ በ1989 ዓ.ም. ክረምት ስቲቭ ኦስቲን በጭንቅላቱ ተተክሎ አንገቱ ክፉኛ ተጎድቷል፤ የጣለው ኦወን ሃርት የታወቀ ባለሙያ ነበር። መወርወሩን ተዉት። ጩኸቱ ይበቃል፤ ጩኸቱ ራሱ ሙያ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ቪዲዮ ቤቶቹ ተዘግተዋል። ያስተረጉሙ የነበሩት ልጆች ዛሬ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ አንዳንዶቹም አርፈዋል። ፈረንሳይኛውን ይተረጉሙ የነበሩ የምድር ባቡር አባቶችማ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ካሴቶቹ ሙቀትና አቧራ ሲበላቸው ኖሯል። ስለ ድሬ ሲጻፍ ሐዲዱ ይጻፋል፣ ንግዱ ይጻፋል፤ የጨርቃ ጨርቅና የሲሚንቶ ኳስ ቡድኖችም ይነሳሉ። በእነዚያ የጨለሙ ክፍሎች ውስጥ ሦስት ቋንቋ የሚናገሩ ልጆች በአንድ አፍ “ዙር!” ይሉ እንደነበር ግን የትም ተጽፎ አላነበብኩም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይሄን ነው። ቤታችሁ የቀረ ካሴት ካለ፣ ቢሠራም ባይሠራም፣ አትጣሉት፤ ጀርባው ላይ በእጅ የተጻፈ ስምና ቁጥር ካለ እሱም ታሪክ ነው። ቪዲዮ ቤት የነበራችሁ፣ የት ሰፈር እንደነበረ፣ መግቢያው ስንት እንደነበር፣ ማን ያስተረጉም እንደነበር ለልጆቻችሁ ንገሩና ስልካቸው ላይ ይቅረጹት። ውጭ ያላችሁና ዛሬ ለዕረፍት መጥታችሁ እዚህ የተቀመጣችሁ፣ ሪንግ በዓይናችሁ ያያችሁ ካላችሁ፣ እኔ አዳራሹ እስኪዘጋ አልሄድም፤ ወንበር ስባችሁ ኑ። ማን እንዳሸነፈ ባታስታውሱም ግድ የለም። አጠገባችሁ ማን ተቀምጦ ነበር? ከእሱ እንጀምራለን።